ጥንዱ ስላልተሟላው የልጄ እግር

ይድረስ ለክቡር የእህትማማች ከተሞች ጉዳይ ማጣሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ደስታ፣ ለወንበርዎ ጽናት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለሁለቱም እግሮችዎ ረጅም ዕድሜ ከልብ እመኛለሁ። የእግርን ጤና ለይቼ መመኘቴ እንዳያስገርምዎ፤ ሙያዬ ነው። ከመሥሪያ ቤትዎ የኋላ በር ፊት ለፊት፣ በመድኃኒት ቤቱና በፎቶ ኮፒ ቤቱ መካከል ተጣብቃ ባለችው ባለ አንድ በር ሱቅ ውስጥ ጫማ እሰፋለሁ፣ ጫማ እጠግናለሁ። ክቡርነትዎ በሹፌርዎ በኩል ጫማዎን የሚልኩልኝ ሰው እኔ ነኝ። ፊትዎን ከቅርብ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆንም ተረከዝዎን ግን ከሃምሳ ሰው ጫማ መካከል ለይቼ አወጣዋለሁ፤ የቀኙ ሁልጊዜ በውጭ በኩል ይበላል፤ ይህም ባለቤቱ ሲራመድ ወደ አንድ ወገን እንደሚያዘነብል ያመለክታል።

ጽሕፈት ቤትዎ በዚህ ዓመት ለከተማችን የዋለውን ውለታ ሳልዘረዝር ዝም ብል ውለታ ቢስ እባላለሁ ብዬ ስለሰጋሁ፣ ምስጋናዬን በቁጥር ከፍዬ እንደሚከተለው አቀርባለሁ። ሹመት ያዳብር።

፩ኛ፦ በከተማችን መግቢያ የቆመውን ሰሌዳ ስላደሱልን አመሰግናለሁ። ሰሌዳው ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት የእኛን ከተማ ስም ከላይ፣ ከወንዙ ማዶ ያለችውን የእህት ከተማችንን ስም ከታች ይዞ፣ በመካከላቸው ሁለት የተጨባበጡ እጆች ተስለውበት ቆሞ ነበር። ከተቀናቃኝ አገራት ከተሞች ጋር የሚደረገውን እህትማማችነት የሚገድበው ሕግ በወጣ በሳምንቱ፣ ሁለት ሠራተኞችዎ መሰላልና አንድ ጣሳ ሬንጅ ይዘው መጡና የእህታችንን ስም ቀቡት። ሥራቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ስለሆኑ ከሁለቱ እጆችም የእነሱን እጅ ብቻ ለይተው ቀቡት። አሁን የእኛ እጅ ብቻውን አንድ ጥቁር ነገር ጨብጦ ይታያል። እንግዳ ሲመጣ ምን እንደጨበጥን ይጠይቀናል፤ እስካሁን የሚመልስለት ሰው አልተገኘም።

፪ኛ፦ የአደባባዩን ሰዓት ስላቆሙልን አመሰግናለሁ። ሰዓቱ የእህት ከተማችን ስጦታ ነበርና፣ ሕጉም በአንቀጽ ሰባት ከተቀናቃኝ አገር ከተማ የተገኘ ስጦታ ሁሉ አገልግሎት እንዳይሰጥ ይደረግ ስለሚል፣ ለማውረድ ደግሞ ክሬን ስለሚያስፈልግ፣ ሽቦው ተቆርጦ እዚያው ባለበት እንዲደርቅ ተወሰነ። የደረቀው አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ነው። አንዳንድ ጎረቤቶቼ በዚህ ሲያማርሩ እሰማለሁ፤ እኔ ግን ቅሬታ የለኝም። አራት ሰዓት ከሃያ የሠራተኞችዎ የሻይ ሰዓት በመሆኑ፣ በየትኛውም ቀን በየትኛውም ጊዜ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ የባለጉዳይ መስኮት፣ ወደ መስኮት ሦስት ብንመጣ ሰዓቱና መስኮቱ ሳይስማሙ ቀርተው አያውቁም።

፫ኛ፦ ይህ ምስጋና ሳይሆን ኑዛዜ ነው፤ ከመሃል ስለገባ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሕጉ ከመጽደቁ በፊት በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ለሕዝብ ውይይት ሲቀርብ እኔም ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ፊትዎን ከቅርብ ያየሁትም ያን ዕለት ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብለው ንግግርዎን ከከፈቱ በኋላ፣ የተቀናቃኝ አገር ከተሞች በእህትነት ስም ገብተው የውሃ መስመራችንን ካርታ፣ የድልድያችንን ልክና የወጣቶቻችንን ልብ እንዴት እንደሚሰርቁ በሰፊው አስረዱን። እውነቴን ነው የምለው፣ አገር ምስጢር የለውም ብዬ የምከራከር ሰው አይደለሁም፤ ከእህት ከተማ ለበዓል በሚመጣ የመዘምራን ጓድ መካከል ሰላይ ተሸሽጎ አይመጣም ብዬም አልምልም። መንግሥታት ሲኳረፉ ከተሞች ቢጠነቀቁ ምን ክፋት አለው ብዬ አጨበጨብኩ። ከጎኔ የነበረችው ባለቤቴ ግን እጇን ከጭኗ ላይ አላነሳችም። ስንወጣ ደረጃው ላይ ቆም ብላ የልጃችን እግር ሠሪስ አለችኝ። እሱ ምን አገባው፣ ይሄ የትልልቆቹ ጉዳይ ነው አልኳት። ያ መልሴ ትዝ ባለኝ ቁጥር ዛሬም ራሴን እታዘባለሁ፤ ከዚህ በታች ስለ እርስዎ ከምለው ውስጥ ለእኔም የሚደርሰኝ ድርሻ እንዳለ አውቄ ነው የምጽፈው።

፬ኛ፦ የልጄን እግር በአደራ ስለያዙልኝ አመሰግናለሁ። ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ከሥሩ ላስረዳ። ልጄ አሁን አሥር ዓመቷ ነው። በአራት ዓመቷ ወደ ኋላ የሚሄድ የጭነት መኪና የግራ እግሯን ከጉልበቷ በታች ወሰደው። ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ምርኩዝ አልይዝም ብላ በቀረላት እግር ቤቱን ሁሉ እየዘለለች ስለምትዞር የሰፈር ልጆች ፌንጣ አሏት፤ እሷም ስሙን ወደደችውና እስከዛሬ የቤት ስሟ ሆኖ ቀረ።

በእህት ከተማችን ውስጥ አንድ ሽማግሌ እግር ሠሪ አለ። በየዓመቱ ዝናቡ ሲያቆም ሁለት ሻንጣ ይዞ ድልድዩን ይሻገርና ከጤና ጣቢያው ጀርባ ባለችው ክፍል ውስጥ አሥር ቀን ይቀመጣል። እግር የሌላቸውን የከተማችንን ሰዎች አንድ በአንድ እየጠራ፣ በተቆረጠው በኩል ያለውን ጉቶ በእርጥብ ጂፕሰም ሸፍኖ ቅርጹን ያነሳል፤ ቅርጾቹን በአሮጌ ጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞ ይመለሳል፤ ከሁለት ወር በኋላ የተሠሩት እግሮች በማዘጋጃ ቤታችን መኪና ይመጣሉ። የእህትማማችነታችን ዋናው ፍሬ ይኸው ነበር። ጋዜጣውን የምሰጠው እኔ ነኝ፤ ለጫማ መጠቅለያ የማጠራቅመውን። ቋንቋችንን በጆሮው ለቅሞ፣ ማንበቡን ደግሞ ቅርጾቹን ከፈታ በኋላ ከተረፈው ጋዜጣ እንደተማረ ይናገር ነበር፤ የከተማችንን ወሬ ሁልጊዜ ሁለት ወር ዘግይቶ ነው የሚያውቀው። ለልጄ ስድስት ዓመት ሙሉ እግር የሠራላት እሱ ነው።

ባለፈው ዓመት የመጨረሻውን ቅርጽ ሲወስድ ልጄን አቁሞ ከእግር እስከ ራሷ አያት፤ ይህቺ ልጅ ዘንድሮ ትመዘዛለች አለ። ስለዚህ የእሷን ከሌሎቹ ጋር ሳይልክ አስቀረው። ስታድግ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ እየተጨመሩ ቁመቱን የሚያስረዝሙ ሦስት ቀለበቶች ሊሠራላት ፈልጎ ነው። የሌሎቹ ሰዎች እግር ሕጉ ከመጽደቁ በፊት ደረሰ። የእሷ ሕጉ በጸደቀ በአሥራ አራተኛው ቀን ድልድዩ ላይ ደረሰ፤ ሠራተኞችዎም በደስታ ተቀብለው ያዙት። ደግነቱ ነው ያዘገየው፤ እርስዎ ዘንድ እንዲህ ያለ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ እንደሌለ አውቃለሁ።

የያዛችሁበትን ደረሰኝ ፍሬም ውስጥ አድርጌ ሱቄ ውስጥ ሰቅዬዋለሁ። አንድ ሰው ሠራሽ እግር፣ ቀለሙ የቆዳ፣ እንዲሁም ምንነታቸው ያልታወቀ ሦስት ቀለበቶች ይላል። ድልድዩ ላይ የልጄ እግር ከመኪና ሲወርድ ከኋላው የተሰለፉት የተቀናቃኙ አገር ሲሚንቶ የጫኑ መኪኖች ጥሩምባ እየነፉ እንዳለፉ የማዘጋጃ ቤታችን መኪና ሹፌር ነግሮኛል። ሕጉ የሚከለክለው ከተማ ከከተማ መወዳጀትን እንጂ ነጋዴ ከነጋዴ መገበያየትን አይደለምና፣ ሲሚንቶው ያለ ሐሳብ አለፈ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ከንቲባችን ዘንድም ሄጄ ነበር። ቢሯቸው ግድግዳ ላይ ከእግር ሠሪው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው የተነሱት ፎቶግራፍ ነበር፤ አሁን ወርዷል፤ ምስማሩ ግን አለ። ስለ ልጄ ስነግራቸው ያንን ምስማር እያዩ በጣም አዘኑ፣ ጉዳዩ ግን ከእጃቸው የወጣ መሆኑን ገለጹልኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም፤ እሳቸውን ከዚህ በላይ ላስቸግር አልፈለግሁም።

፭ኛ፦ ስለ ትዕግሥታችሁ አመሰግናለሁ፤ ወይም ትዕግሥት ስላስተማራችሁኝ። እግሩ በመጋዘንዎ ከገባ ስምንት ወር ሆኖታል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይባል ነበር፤ የእኔ እንኳ ሰማይ ድረስ አልሄደም፣ ከሱቄ በር ሆኜ ድንጋይ ብወረውር የማገኘው ቤት ውስጥ ነው ያለው። ልጅ ግን የሕግ ማጣሪያ እስኪያልቅ ቆማ አትጠብቅም። ሽማግሌው እንዳለው ተመዘዘች። ሙያዬ ነውና ከአሮጌው እግሯ ሥር የጎማ ሶል ለጠፍኩላት። ከሁለት ወር በኋላ ሌላ ጨመርኩ። አሁን አራት ሆነዋል፤ አንዱን በአንዱ ላይ ሳጣብቅ ከጎን ሲታዩ የተቆለሉ መጻሕፍት ይመስላሉ። ቁመቱን በዚህ መልክ እችለዋለሁ። ጉቶዋ የሚገባበትን ቅርፊት ግን የትኛውም ጫማ ሠሪ ሊያሰፋው አይችልም። ጠበበ፤ ቆዳዋን ፋቀ፤ ቁስሉ ሲድን ደግሞ ያገረሽ ጀመር። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ከሦስት ሳምንት በፊት ይህን እግር ከእንግዲህ ብታደርገው ቁስሉ ወደ አጥንቷ ይዘልቃል ብላ አስወለቀቻት። ከዚያ ወዲህ ትምህርት ቤት አልሄደችም። ቤት ውስጥ እንደገና መዝለል ጀምራለች። በአራት ዓመቷ ስትዘል ያስቀን ነበር፤ አሁን ከብዳለች፤ ወለሉን ስትመታው እናቷ የያዘችውን ሥራ ትታ እስክታልፍ ትጠብቃለች።

፮ኛ፦ አሁን ወደ ዋናው ምስጋናዬ ደረስኩ። በስምንት ወር ውስጥ አሥራ አንድ ጊዜ መስኮት ሦስት ሄጃለሁ። እዚያ የሚሠራው ወጣት ትሑት ልጅ ነው፤ ሁልጊዜ እንዳልቆም ወንበር ያመጣልኛል። ችግሩ ከእሱ አይደለም፣ ከቅጹ ነው። የተያዙ ስጦታዎች የሚመዘገቡበት ቅጽ ምግብ፣ መጽሐፍ፣ ማሽን፣ አልባሳት፣ ጫማና የእግር ዕቃ፣ ልዩ ልዩ የሚሉ ረድፎች አሉት። እንግዲህ እግር ከእግር ዕቃ ውጭ ወዴት ይመዘገባል? ልጁ አስቦበት እዚያው መዘገበው። በዚያ ረድፍ ጎን ደግሞ ዕቃው ጥንድ መሆኑ ይረጋገጥ የሚል አለ። የመጣው አንድ ነው። ስለዚህ ፋይሉ ላይ ጥንዱ ያልተሟላ የሚል ቀይ ማኅተም ተመታበት፤ ያልተሟላ ዕቃ ደግሞ አይጣራም፤ ያልተጣራ አይለቀቅም።

ክቡርነትዎ፣ እኔ ጫማ ሠሪ ነኝ። ሠላሳ ዓመት እንጀራዬን የበላሁት በጥንድ ነው። ስለ ጥንድ የማላውቀው ነገር የለም ብዬ እመካ ነበር። ለወጣቱ፣ እግር እንደ ጫማ በጥንድ እንደማይሠራ፣ ልጄ ያጣችው ግራዋን ብቻ እንደሆነ፣ ቀኟ ደግሞ በተፈጥሮ የተሰጣት እንጂ ከተቀናቃኝ አገር የመጣ እንዳልሆነ በትሕትና አስረዳሁት። ገባው፤ ከመሥሪያ ቤትዎ የገባው ሰው እሱ ብቻ ነው። ለአለቃው ጻፈ፤ አለቃው ለእርስዎ ጻፉ፤ ከእርስዎም መልሱ ወረደ፦ ቀሪው እግር በሌላ መንገድ ተሸሽጎ ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ከላኪው ይጣራ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ያሉት አባቶች ክቡርነትዎን አይተው አልነበረም፤ ቢያዩ ኖሮ ግን ሞኙን ከተረቱ አውጥተው ወረቀቱን ብቻ ይተዉት ነበር።

እንግዲህ ከላኪው ማጣራት ማለት ለላኪው መጻፍ ማለት ነው። የሕጉ አንቀጽ አሥራ አንድ፣ በእህትማማችነቱ ሲሠራም ሆነ ሲጠቀም የነበረ ማንኛውም ሰው ወይም መሥሪያ ቤት፣ ከጽሕፈት ቤትዎ የጽሑፍ ፈቃድ ሳያገኝ ለተቀናቃኝ አገር ከተማ ነዋሪ እንዳይጽፍ በግልጽ ይከለክላል። ክቡርነትዎ ለራስዎ ማመልከቻ ጽፈው፣ ራስዎ ተቀብለው፣ አጣርተው፣ ለራስዎ ፈቅደው እንደሆነ አላውቅም። ብቻ በራስዎ ፊርማና ክብ ማኅተም ለእግር ሠሪው የተላከ ደብዳቤ ቅጂው ፋይሉ ውስጥ አለ፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ሁለት መስመር ነው። ለዚህች ልጅ የተላከው እግር አንድ ብቻ ሆኖ ስለተገኘ ቀሪው ቀኝ እግሯ በአስቸኳይ እንዲላክ ይላል። ለምን እንደሚላክ፣ ምን እንደተፈጠረ፣ አንድም ቃል የለበትም።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ከመሥሪያ ቤትዎ ተጠራሁ። ልጄም በምርኩዝ አብራኝ መጣች፤ እግሬ ተለቀቀ ብላ ካልሲ ሳይቀር ይዛ። ወጣቱ ከመስኮቱ ወጥቶ ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገባን። ጠረጴዛው ላይ ሁለት እግሮች ጎን ለጎን ተጋድመዋል። አንዱ የምናውቀው ግራው ነው። ሌላው ቀኝ ነው። አለቃው ከጠረጴዛው ማዶ ተነሱና እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ጥንዱ ተሟልቷል» አሉኝ። በእውነት ደስ ብሏቸው ነበር። ፊታቸው ላይ ሥራው የተሳካለት ሰው ደስታ ነበር።

ከእግሮቹ አጠገብ እግር ሠሪው በተጣመመ ፊደሉ በእኛው ቋንቋ የጻፈው ደብዳቤ ነበር፤ አንብቤ እንድፈርምበት ሰጡኝ። ሳነብ ልጄ በክንዴ ሥር ሆና አብራኝ ታነባለች፤ ልከለክላት አልደረስኩም። ቃሉን ሳልጨምር ሳልቀንስ እዚህ አሰፍረዋለሁ፦

«ደብዳቤያችሁ ደረሰኝ። የትንሿ ልጅ ቀኝ እግርም መቆረጡን ከእሱ ተረዳሁ። ያን ቀን ሥራ ትቼ ወጣሁ። ምን እንዳገኛት አልጻፋችሁልኝም፣ እኔም ለመጠየቅ አቅም አላገኘሁም። መጥቼ ልኳን እንዳልወስድ ስለተከለከልኩ ከግራው ገምቼ ሠርቻለሁ፤ ባይስማማት ይቅር በሉኝ። ለፌንጣ፣ በሁለቱም መዝለል ይቻላል ብሏል በሏት። አባቷን ወንድሜን እግዜር ያጽናው።»

ክቡርነትዎ፣ በሙያው ስድሳ ዓመት የሞላው ሽማግሌ ላልተቆረጠ እግር አልቅሶ፣ ላልተቆረጠው እግር ምትክ በግምት ቀርጾ፣ አለስልሶ፣ ቀለም ቀብቶ ላከ። ቀለሙን ከቆዳዋ ጋር አመሳስሎታል፤ ስድስት ዓመት ስላያት አልጠፋውም። ይህን ሁሉ ያሠራው የእርስዎ ሁለት መስመር ነው።

ልጄ ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ የቀኝ ጫማዋን ፈታች፤ ካልሲዋን አወለቀች፤ እግሯን አንስታ ከሁለቱ እግሮች ጎን ጠረጴዛው ላይ አደረገችና አለቃውን ቀና ብላ አየቻቸው። «ይሄንንም ትይዙታላችሁ?» አለች። ወጣቱ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። አለቃው ግን አልተደናገጡም፤ ፋይሉን ገለጡና የቀረውን ነገር በእርጋታ አስረዱኝ። ጥንዱ ስለተሟላ ዕቃው አሁን ሊጣራ ይችላል፤ ዕቃው ለአንድ ሰው የተላከ ጥንድ እግር በመሆኑ ግን ተቀባይዋ ሁለቱም እግሮቿ የሌሏት መሆኑን የሚያረጋግጥ የሐኪም ማስረጃ ማቅረብ ይኖርብኛል።

ሐኪም ዘንድ አልሄድኩም። ወደ ሱቄ ተመልሼ በሩን ዘግቼ እጄን ታጠብኩ፤ አሁንም ታጠብኩ። ያን ዕለት የተሰማኝን ለመግለጽ ጨዋ ቃል ፈልጌ አጥቻለሁ። ንዴት ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ ንዴት ይበርዳል። ይህ ግን መጸየፍ ነው። ሰው ሰውን ቢጠላ ይገባኛል፤ አገር አገርን ቢፈራ ይገባኛል፤ እርስዎ ግን ልጄን አይጠሏትም፣ ሽማግሌውንም አይፈሩትም፤ ከናካቴው አላያችኋቸውም። የሕፃን እግር ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ ከፊታችሁ ቆሞ እንኳ ዓይናችሁ ወረቀቱ ላይ ነበር። ያስጠላኝ ይህ ነው። በዚያ አዳራሽ ያጨበጨበው የራሴ እጅም ያስጠላኛል፤ ውሃ አላለቀቀውም።

፯ኛ፦ የመጨረሻው ልመናዬ አጭር ነው። እግሩን ልቀቁልኝ አልልም። ጠረጴዛው ላይ ሳየው ዓይኔ ለክቶታል፤ ዓይኔ ልክ አይስትም። ቀለበቶቹ ሦስቱም ቢገቡበት ቁመቱ ይደርስ ይሆናል፤ ቅርፊቱ ግን ለልጄ አይበቃም። የዛሬ ስምንት ወር የነበረችው ልጅ እግር ነው፤ ያቺ ልጅ ደግሞ አሁን የለችም። መጋዘንዎ ውስጥ ይቀመጥልዎ፣ ጥንዱ ተሟልቷልና።

ሁለት ነገር ብቻ እለምናለሁ። ሽማግሌው ለአሥር ቀን መጥቶ የልጄን ቅርጽ እንዲወስድ ይፍቀዱለት። ከሰጉ ዘበኛ ያቁሙበት፤ ጂፕሰሙን ይቁጠሩት፤ ዓይኑን ሸፍነው ድልድዩን ያሻግሩት፤ ሥራውን በጣቱ ነው የሚሠራው፣ ግድ የለውም። ፈቃዱ ካልተገኘ ልጄ ምርኩዟን ይዛ ታድጋለች፤ ነገሩ ከዚህ አይበልጥም፣ ከዚህም አያንስም። ሁለተኛው ደግሞ፣ ለሽማግሌው አንድ መስመር ይጻፉለት፤ ቀኝ እግሯ አለ ብለው። እኔ እንዳልጽፍለት አንቀጽ አሥራ አንድ ይከለክለኛል። ፈቃድ ጠይቄ ነበር፤ ጥያቄዬ ራሱ ከተቀናቃኝ አገር ነዋሪ ጋር ግንኙነት እንዳለኝ ስለሚያመለክት እየተጣራሁ መሆኔ ተነግሮኛል። ክቡርነትዎ ግን መጻፍ እንደሚችሉ አሳይተውናል። ሁለት መስመር ከቻሉ አንድ መስመር አያቅትዎትም።

ይህን ሁሉ በትዕግሥት እንዳነበቡልኝ በማመን፣ የወንበርዎ እግሮች አራቱም እንዲጸኑ፣ ቅጾችዎ እንዲበዙ፣ ማኅተምዎ እንዳይደርቅ፣ ፋይሎችዎም ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆነው እንዲሟሉ እየተመኘሁ፣ ከጉልበቴ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤ ዝቅ ማለት ለእኔ አይከብደኝም፣ የሰውን ሁሉ እግር ከሥር እያየሁ ነው የኖርኩት።

ከአክብሮት ጋር፣
ከኋላ በርዎ ፊት ለፊት ያለው ጫማ ሠሪ፣
የፌንጣ አባት

ማስታወሻ፦ በሹፌርዎ በኩል የላኩት ቡናማ ጫማ ከተጠገነ አሥር ቀን ሆኖታል። የቀኙን ተረከዝ እንደተለመደው ቀይሬዋለሁ። ገበሩን ሳጸዳ የተሠራበት አገር ስም ውስጡ ታትሞ አየሁት፤ የእግር ሠሪው አገር ነው። አይስጉ፣ አልያዝኩትም፤ ቅጽም አልሞላሁበትም። ሹፌርዎ መጥቶ ሁለቱንም ይውሰድ፤ እኔ ዘንድ ለሰው እግር የሚሆን ነገር ታግዶ አያድርም። የዚህን ደብዳቤ ቅጂ ለጋዜጣ ሰጥቻለሁና የምጠቀልላቸው ደብዳቤው በሚወጣበት ጋዜጣ ነው። የሲሚንቶ ሹፌሮችም ጫማቸውን የሚያሠሩት እኔ ዘንድ ስለሆነ በዚሁ ጋዜጣ ተጠቅልሎ ድልድዩን ይሻገራል፤ ሕጉ ስለ መጠቅለያ የሚለው ነገር የለም፣ እርስዎም ይህን እንደ ጥቆማ እንዳይወስዱብኝ እለምናለሁ። ሁለት ወር ዘግይቶም ቢሆን ከሽማግሌው እጅ ይገባ ይሆናል። ስለዚህ ክቡርነትዎ እዚህ ላይ ማንበብ ማቆም ይችላሉ፤ የቀረው ለእርስዎ አይደለም። አባባ፣ ቀኝ እግሯ አልተቆረጠም። አለ። ዛሬ ጠዋትም ስትዘልበት ሰምቻለሁ።